አባዬንና እማዬን ሳፋሪ ልንወስድ ነው፣ የቱን ሎጅ እንያዝ? (ከደሴ)

የጦሳ_ልጅ፦
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ ዘንድሮ በክረምት ይመጣል እና አባዬና እማዬ አንበሳና ዝሆን በአይናቸው ሳያዩ ዝም አልልም ብሎ ተነስቷል። አባዬ ቲቪ ላይ የእንስሳ ፊልም ከመጣ ቤት ውስጥ ማንም ሪሞት አይነካም፣ ሱቁን እንኳን ዘግቶ የሚመጣበት ቀን አለ። ስለዚህ ሀሳቡ አሪፍ ነው ግን መምረጡ እኔ ላይ ወደቀ። ኢንተርኔት ላይ ስገባ ሁሉም ሎጅ አልጋው ላይ አበባ የተበተነበት ገንዳው ጀርባ ላይ ቀጭኔ የቆመበት ፎቶ ነው፣ የቱ ከየቱ እንደሚሻል ምንም ሊገባኝ አልቻለም። ወንድሜ ለአንድ ሰው በአንድ ሌሊት እስከ 500 ዶላር ድረስ ችግር የለም ብሏል፣ ቅንጡ ይሁንላቸው አንድ ጊዜ ነው ብሎ። እኛ አራት ትልልቅ ሰዎች ነን፣ የወንድሜ ልጅ ደግሞ 7 አመቷ ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል ደረጃ ብዙ አትወድም፣ አባዬ ደም ግፊትና ስኳር አለበት ግን ጠንካራ ነው። ጊዜው ሐምሌ መጨረሻ ወይ ነሐሴ ነው። ኬንያ ይሻላል ታንዛኒያ ወይስ እዚሁ አገራችን? የሄዳችሁ ወይ በስራው ያላችሁ ምከሩኝ በናታችሁ።

አቦ_ተወኝ፦
በዛ ብር እኔን ውሰዱኝ እና እንደ አንበሳ አገሳለሁ 😂

ሹፌር_ከኮምቦልቻ፦
እህቴ ሰላም ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ ቱሪስት ጭኜ ሰርቻለሁ፣ ላሊበላ ዳሎል ኦሞ አዋሽ፣ በድርጅት በኩል ኬንያም ጋር ተያይዤ ሰርቻለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሰው ሎጅ ሲመርጥ የሚያየው አልጋና መታጠቢያ ነው፣ እኔ ግን ከእንግዶቼ አንድም ሰው ስለ አልጋው ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም፣ ሲመለሱ መኪና ውስጥ የሚያወሩት ስላዩት እንስሳ እና ስለ ጋይዱ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው ሎጁ የት ነው የቆመው ነው። ፓርኩ ውስጥ ነው ወይስ በር ላይ ነው ወይስ ከበሩ አንድ ሰዓት የሚያስነዳ ከተማ ውስጥ ነው? ለምሳሌ ማራ፣ ኬንያ ያለው ዋናው የአውሬ ቦታ፣ ስሙ ላይ ማራ የሚል ስላለ ብቻ ማራ ውስጥ ነው ማለት አይደለም። አውሬ የሚታየው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትበርድ ነው፣ ያንን ሰዓት መንገድ ላይ ካሳለፋችሁት የከፈላችሁት ለአልጋ ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛ መኪናው። የጋራ ነው ወይስ የራሳችሁ? አምስት ሰው ስለሆናችሁ የራሳችሁን መኪና ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ይከፈልበታል ግን ዋጋ አለው። የጋራ ከሆነ አባትሽ ዝሆን ጋ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ማየት ሲፈልግ አጠገቡ ያለው ፈረንጅ ነብር ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ ይላል፣ ልጅቷ ሽንት ትላለች፣ ጭቅጭቅ ነው። ደግሞ ስኳር ያለበት ሰው ቶሎ ቶሎ መውረድ ይፈልጋል፣ የራሳችሁ ሲሆን ሹፌሩ ሜዳ ላይ ክፍት ቦታ ፈልጎ ያቆምላችኋል ማንም አይቆጣም።

ሶስተኛ፣ እነዛ ጎናቸው ክፍት የሆኑ የሳፋሪ ላንድክሩዘሮች በጣም ከፍ ያሉ ናቸው፣ እናትሽ ጉልበት ካመማት መውጣትና መውረዱ ነው የሚያስቸግራት እንጂ ጉዞው አይደለም። መርገጫ በርጩማ ይዛችሁ ውጡልን ብለሽ ከአሁኑ ፃፊላቸው፣ ደህና ሎጅ ይሄን ሲሰማ አይገርመውም። ገርሞት ከመለሰልሽ ተይው።

የመርሳ_ብርቱካን፦
እኔ ይሄ ኬንያ ኬንያ የሚባለው ነገር አይገባኝም ወላሂ። የኛ አገር ምን ጎድሎት ነው? ቀይ ቀበሮ በአለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ብቻ ነው፣ ከ500 አይበልጥም ይባላል፣ ከዛ ውስጥ ወሎ ተራሮች ላይ ያለም አለ። ቦረና ሳይንት ፓርክ ደቡብ ወሎ ውስጥ አይደለም እንዴ፣ ደንቆሮ ጫካ ጭላዳው ድኩላው ነብሩ ሳይቀር አለ፣ ስንቱ የደሴ ሰው ነው ሄዶ ያየው? አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ጭላዳ በመንጋ ነው ሳሩን ቁጭ ብሎ የሚነጭ። ባሌ ብትሄዱ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ፍልፈል ሲያድን ታያላችሁ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ደግሞ ጥሩ ሎጅ ተሰርቷል። ሰሜን ተራሮች አሉ፣ ዋሊያ። ዶላሩን እዛ ከምትበትኑት የአገራችሁ ሰው ይብላው ነው የምለው እኔ።

ላሊበላ_ጋይድ፦
@የመርሳ_ብርቱካን ወንድሜ ልብህን አደንቃለሁ፣ እንጀራዬም እሱው ነው፣ ግን ጥያቄውን አንብበው። አባትየው አንበሳና ዝሆን ነው የሚሉት። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ በእግር ወይ በበቅሎ ነው የሚወጣው፣ ጉልበት ለሚያማት እናት እንዴት ነው የሚሆነው? ቦረና ሳይንትም ተፈጥሮው ድንቅ ነው ግን ቅንጡ ሎጅ የሚባል ነገር የለውም፣ ድንኳንና ስንቅ ይዘህ የምትሄድበት ነው፣ እሱም መንገዱ ሰላም ሲሆን። ሳነቴ መኪና ይወጣል እውነት ነው፣ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ በዛ ላይ ነሐሴ ላይ ዝናቡና ጉሙ ነው ያለው።

አገር ውስጥ ዝሆን ከተባለ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ነው፣ ገበታ ለሀገር ላይ የተሰራው የዝሆን ዳና ሎጅ አለ፣ ሎጁ ቆንጆ ነው፣ ጎሽና ዝሆን አለ። ግን ጫካና ረጅም ሳር ያለበት ቦታ ነው፣ ማራ ላይ እንደምታየው ሜዳ ላይ ተዘርግቶ አይጠብቅህም፣ ክረምት ላይ ደግሞ ሳሩ ሰው ይውጣል። ከደሴ ተነስቶ በመኪና እስከዛ ሽማግሌ ይዞ መሄድ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ለኔ ይሄኛው ጉዞ ኬንያ ነው፣ የኛን ለሌላ ጊዜ ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ሲጠራ።

የመርሳ_ብርቱካን፦
እሺ ዝሆኑ ላይ አሸነፍከኝ። ግን ቦረና ሳይንት ሎጅ የሌለው ማንም ስለማይሄድ ነው፣ ማንም የማይሄደው ደግሞ ሎጅ ስለሌለው ነው፣ እንግዲህ ዶሮዋ ትቅደም እንቁላሉ ተነጋገሩበት።

የጦሳ_ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በቃ ኬንያ ላይ እናተኩር። ግን ማራ ስል ሪዘርቭ፣ ትሪያንግል፣ ኮንሰርቫንሲ ምናምን ይላል፣ ልዩነቱ ምንድነው? ዋጋውም አንዱ ጋ 250 ሌላው ጋ 900 ነው፣ ድንኳን ሆኖ 900 ዶላር ሲባል እማዬ ብትሰማ አልሄድም ነው የምትለው 😅

ወልድያ_ናይሮቢ፦
የጦሳ ልጅ የኔ ሆድ እኔ ወልድያ ተወልጄ ናይሮቢ ነው የምኖረው፣ ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ማራ መሄድ ስራዬ ሆኗል ስለዚህ በደንብ ላስረዳሽ።

ማራ ሪዘርቭ የሚባለው የናሮክ ካውንቲ የሚያስተዳድረው ዋናው ቦታ ነው፣ 1,500 ካሬ ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ከወንዙ ማዶ በምዕራብ በኩል ያለው ክፍል ትሪያንግል ይባላል አያያዙ የተሻለ ነው። ሪዘርቩ ውስጥ ማንም ትኬት የቆረጠ መኪና ይገባል፣ ነሐሴ ላይ አንድ አንበሳ ተገኘ ሲባል በሬዲዮ ይጠራሩና ልክ የሰኞ ገበያ ነው የሚሆነው፣ ሚኒባሱ ላንድክሩዘሩ ተደራርቦ አንበሳውን ሳይሆን የሰው ጀርባ ነው የምታዪው። ሹፌሩ ከመንገድ መውጣት አይፈቀድለትም፣ ማታ መንዳትም የለም።

ኮንሰርቫንሲ ደግሞ ሪዘርቩን በሰሜንና በምስራቅ የሚያዋስነው የማሳዮች የግል መሬት ነው፣ ናቦይሾ፣ ማራ ኖርዝ፣ ኦላሬ ሞቶሮጊ የሚባሉት። ባለመሬቶቹ ለካምፖቹ ያከራዩታል፣ ኪራዩ ለቤተሰቦቹ በየወሩ ይከፈላቸዋል፣ ከብቶቻቸውንም በተራ ያስግጣሉ። በምትኩ ለአንድ ድንኳን ይሄን ያህል መቶ ኤከር ተብሎ የአልጋው ቁጥር የተገደበ ነው፣ እዛ ካምፕ ያላደረ መኪና አይገባም፣ አንድ እንስሳ ጋ ስንት መኪና መቆም እንደሚችልም ተወስኗል። ከመንገድ ወጥቶ መጠጋት ይቻላል፣ በማታ መብራት ይዞ መውጣት ይቻላል። 900 ዶላር የሚባለው ድንኳን እዚህ ነው ያለው፣ የምትከፍዪው ለድንኳኑ ሳይሆን ለዛ ባዶ ሜዳ ነው። ድንኳን ሲባል ደግሞ ሽንት ቤት ሙቅ ውሃ ያለው አልጋው ከቤትሽ የሚበልጥ ነው፣ ማታ ትኩስ ውሃ በላስቲክ ሞልተው አንሶላው ስር ይከቱልሻል።

ዋጋ ስታወዳድሪ ግን ተጠንቀቂ። 250 ያልሽው ብዙ ጊዜ ምግብና አልጋ ብቻ ነው። በላዩ ላይ መኪና፣ ነዳጅ፣ ጋይድ፣ የመግቢያ ክፍያ ይደመራል። የማራ ሪዘርቭ መግቢያ ከ2024 ጀምሮ ለውጭ ሰው ከጥር እስከ ሰኔ ባለው በነሱ አቆጣጠር 100 ዶላር፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ዶላር ነው ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን። ኢትዮጵያ የምስራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ አባል ስላልሆነች የነሱን ርካሽ ታሪፍ አናገኝም። እናንተ አራት ናችሁ፣ ሁለት ቀን ብትገቡ 1,600 ዶላር መግቢያ ብቻ ነው። ትኬቱ ደግሞ ከጠዋት 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው የሚሰራው፣ የመጨረሻ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ካልወጣችሁ እንደ አዲስ ይቆጠራል፣ ስንቱ ሰው በር ላይ ተጨቃጭቋል መሰለሽ። ስለዚህ ሁሉንም ሎጅ "ጠቅላላ ከናይሮቢ ተነስተን እስክንመለስ ስንት" ብለሽ ጠይቂ፣ ያኔ ያ 250ው 600 ይሆናል፣ ያ 900ው ግን መኪናውን ጋይዱን መጠጡን አንዳንዴ ልብስ ማጠቢያውን ሳይቀር ይዞ እዛው 900 ላይ ይቆማል።

ቅንጡ ለሚለው ስም ደግሞ እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፣ ጋይዱ ስንት አመት እዛው ቦታ ሰርቷል የሚለው። እሱን ጠይቂያቸው።

የጦሳ_ልጅ፦
ኧረ ተባረኪ፣ እንደዚህ ያስረዳኝ የለም። ሌላ ጥያቄ ግን አለኝ፣ አባዬ ሙስሊም ነው ሃላል ካልሆነ ስጋ አይነካም፣ እማዬ ደግሞ ክርስቲያን ናት ነሐሴ ፍልሰታ ነው፣ እሷ ደግሞ ፍልሰታን ፍፁም አታፈርስም እንኳን ለአንበሳ ለምንም። በጠዋት ወጥቶ ቁርስ ሜዳ ላይ ነው የሚባለው ነገር እንዴት ነው የሚሆነው?

ወልድያ_ናይሮቢ፦
ውይ የወሎ ቤት 😍 እኛም ቤት እንደዛው ነው። ሃላል ችግር የለም፣ ናይሮቢ ሃላል ስጋ እንደልብ ነው፣ ብዙ ሎጆችም ከዛ ነው የሚያስጭኑት፣ ብቻ በቃል አይሁን በኢሜይል አስፅፊ፣ ከመድረሳችሁ በፊት ኩሽናው ይወቀው። የፆሙ ነገር ላይ ቬጂቴሪያን እንዳትዪ፣ እንቁላልና ቺዝ ሞልተውበት ያመጡልሻል። ቪጋን በዪ፣ ወተት ቅቤ እንቁላል የለም ብለሽ ዘርዝሪ። ሕንዶች ኬንያ ውስጥ ብዙ ስለሆኑ ሼፎቹ ምስርና ሽምብራ አሳምረው ነው የሚሰሩት፣ እናትሽ በርበሬዋን ከያዘች ትጠግባለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትፆም ከሆነ ደግሞ ሜዳ ላይ ያለው ቁርስ ለእናንተ ነው፣ ለሷ ምሳዋን አዘግይተው እንዲያቆዩላት ንገሪያቸው።

ግን ለምን ትጨነቃላችሁ፣ ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል አይደል? ከዛ በኋላ ሂዱ። እረቡና አርብ ብቻ ነው የሚቀራት፣ ዊልደቢስት የሚባለው በመንጋ የሚፈልሰው አውሬም ገና ማራ ነው።

ነርሷ፦
እኔ ወልድያ የጤና ባለሙያ ነኝ፣ ማንም ያላነሳውን ልጨምር። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ኬንያ ሲገባ ይጠየቃል፣ ካርዱ የሚፀናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻ ሳምንት እንዳታቆዩት። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆነ ክትባቱን መጀመሪያ ሲወስዱ ሐኪም አይቷቸው መሆን አለበት፣ ዝም ብሎ ተሰልፎ የሚወሰድ አይደለም።

ወባውን ደግሞ ቀላል አታድርጉት፣ ደሴ ደጋ ነው፣ የደጋ ሰው ሰውነቱ ወባ አያውቅም። መከላከያ ኪኒን አለ፣ ከመሄድ በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላም የሚቀጥል ነው፣ የትኛው እንደሚስማማ ግን ከደም ግፊትና ከስኳር መድኃኒታቸው ጋር አይቶ ሐኪም ነው የሚመርጠው፣ ለልጅቷ ደግሞ በኪሎዋ ነው። መድኃኒታቸው በትልቁ ሻንጣ አይግባ፣ በእጅ ይያዝ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ይያዝ። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ሎጁ ፍሪጅ አለው ወይ፣ ጄኔሬተሩ ማታ ይጠፋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አንዳንድ ካምፕ ማታ መብራት ያጠፋል። እና ቅንጡ የሚባሉት ሎጆች ከሆስፒታል በጣም የራቁ ስለሆኑ የአየር አምቡላንስ ሽፋን አላቸው ወይ የሚለውን ከአልጋው በፊት እኔ ብሆን እሱን ነው የምጠይቀው፣ ብዙዎቹ ለእንግዶቻቸው አላቸው።

ጋሽ_ሐይቅ፦
ልጄ የጦሳ ልጅ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፣ ሐይቅ ነው የምኖረው፣ ልጆቼ ልከውኝ አይቼዋለሁና ትንሽ ልበል።

የዊልደቢስቱን ፍልሰት ሁሉም ሰው ወንዙን ሲሻገር ነው ማየት የሚፈልገው፣ አዞው ሲይዝ ምናምን። ከሚሊዮን በላይ የሚሆነው መንጋ ዝናብና ሳር ተከትሎ ከታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ወደ ማራ የሚወጣው እኛ ክረምት ላይ ሳለን ነው፣ ጥቅምት መጨረሻ ኅዳር ላይ አጭሩ ዝናብ ሲጀምር ወደ ታንዛኒያ ይመለሳል። የሚገርመው እኛ ጋ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ሰማዩ ሲያፈስ እነሱ ጋ ደረቅ ወቅት ነው። ታዲያ መሻገሩ ቀጠሮ የለውም። መንጋው አፋፉ ላይ ይመጣል፣ አንዱ ውሃውን ያሸታል ይመለሳል፣ እንደገና ይመጣል፣ መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ወጣት ይችለዋል። ጉልበቷን ለሚያማት እናትና ስኳር ላለበት አባት ግን ይሄን ግብ አድርጋችሁ ሎጅ እንዳትመርጡ፣ ከገጠማችሁ ገጠማችሁ።

እኔ ለናንተ የምለው አምቦሴሊ ነው። ትንሽ ፓርክ ነው፣ 392 ካሬ ኪሎሜትር፣ ሜዳ ነው፣ ከናይሮቢ በመኪና አራት ሰዓት አካባቢ፣ ዝሆኑ ደግሞ ቤተሰብ ቤተሰቡን ሆኖ ከረግረጉ ሲወጣ መኪናችሁን ከብቦ ያልፋል። ውሃው ከኪሊማንጃሮ በመሬት ስር የሚመጣ ስለሆነ በበጋም ረግረጉ አይደርቅም፣ ለዚህ ነው ዝሆኑ የማይርቀው። ጠዋት በማለዳ ደመናው ሳይነሳ 5,895 ሜትሩ ተራራ በረዶውን ይዞ ከፊታችሁ ይቆማል። ፓርኩ ውስጥ ኦል ቱካይ እና አምቦሴሊ ሴሬና አሉ፣ ሁለቱም ግድግዳ ያላቸው እውነተኛ ክፍሎች ናቸው እንጂ ድንኳን አይደሉም፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ዝሆን ይታያል። እናትሽ ቀኑን ሙሉ መኪና ካልተመቻት ወንበሯን አውጥታ እያየች ትውላለች፣ ያ ለኔ ትልቁ ቅንጦት ነው። አንበሳው ግን እዛ እንደ ማራ አይበዛም፣ ለሱ ማራን መጨመር ነው።

አቦ_ተወኝ፦
ጋሼ አንተ ለብቻህ አይተህ መጥተህ ሐይቅ ላይ ዝም ብለህ ቁጭ አልክ? ልጆቹን አስተዋውቀኝ እኔም ልጅ እሆናለሁ

ወንድምዬው_ሚኒሶታ፦
ሰላም፣ እኔ ነኝ ወንድሟ፣ ሊንኩን ላከችልኝ 😂 ሁላችሁንም አንብቤያለሁ አላህ ይስጥልን። እኔ ያሰብኩት አንጋማ ማራን ነበር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን፣ ከአልጋ ላይ ሆነህ ማራ በሙሉ ስርህ ነው። ኢንስታግራም ላይ ያየሁት እሱን ነው። ካልሆነ ደግሞ ናይሮቢ ያለው ቀጭኔ በመስኮት አንገቷን አስገብታ ቁርስ የምትበላበት ቤት፣ ልጄ ለሱ ሞታለች።

ወልድያ_ናይሮቢ፦
@ወንድምዬው_ሚኒሶታ አንጋማ በጣም ቆንጆ ነው አልዋሽህም ግን ባልከው 500 አይነካም፣ በክረምቱ ከ1,000 በደንብ ያልፋል። ደግሞ አፋፍ ላይ ስለሆነ እይታው ልዩ ነው ግን ወደ እንስሳው በመኪና ቁልቁል መውረድ አለ። የቀጭኔው ቤትም ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ከወራት በፊት ካልያዝክ አታገኝም። ለልጅህ ቀጭኔ ከሆነ ከሱ ጎን ያለው የቀጭኔ ማዕከል በትኬት ይገባል፣ በእጇ ታበላለች፣ ያው ቀጭኔዎቹም እነዛው ናቸው 😄 የተረፈውን ዶላር ማራ ላይ ለግል መኪና አድርገው።

ሹፌር_ከኮምቦልቻ፦
እና ልጅቷ 7 አመቷ ነው ብላችኋል፣ ይሄን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፣ አጥር የሌላቸው ካምፖች ብዙዎቹ የዕድሜ ገደብ አላቸው፣ አንዳንዱ ከ6 አንዳንዱ ከ12 በታች አያስገባም ወይ የጋራ መኪና ላይ አያስቀምጥም። አጥር የሌለው ማለት ማታ ጉማሬ ድንኳኑ አጠገብ ሳር ይግጣል ማለት ነው፣ ከራት ወደ ድንኳን የሚያደርስ ዘበኛ ይመደባል፣ ብቻውን መራመድ የለም። ድምፁም አለ፣ ጉማሬና ጅብ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚያወራው። ጅቡን እንኳን እናትሽ ደሴ ዳርም ትሰማዋለች። ድንኳን ከሆነ ለዋናው ሳሎን ቅርብ የሆነውን ስጡን በሉ፣ የመጨረሻው ድንኳን ለሙሽሮች ነው የሚመቸው ሁልጊዜ ከሁሉም ይርቃል።

የመርሳ_ብርቱካን፦
ሙሽሮቹን ጉማሬ ይጠብቃቸው በለኛ

የጦሳ_ልጅ፦
እሺ ከወንድሜ ጋር ማታ በስልክ ተነጋገርን እና እንዲህ አደረግነው። ነሐሴ 17 ከፍልሰታ በኋላ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ በማግስቱ ናይሮቢ። መጀመሪያ አምቦሴሊ ፓርኩ ውስጥ ካሉት ባንዱ፣ ምድር ላይ ያለ ደረጃ የሌለው ክፍል ብዬ ፅፌላቸው እሺ ብለዋል። ከዛ በትንሽ አውሮፕላን ማራ፣ ኮንሰርቫንሲ ላይ ልጅ የሚቀበል ካምፕ አግኝተናል፣ ዋጋው ከ500 ያልፋል ግን መኪናው የግል ነው ሁሉንም ያጠቃልላል፣ ወንድሜ ማራው ላይ ጨምሬ አምቦሴሊ ላይ እቀንሳለሁ ብሏል። ሪዘርቩ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ነው የምንገባው ስለዚህ መግቢያውም ግማሽ ሆነ። ስለ ጋይዱ ስጠይቃቸው ስሙን ከነ ስራ ዘመኑ ላኩልኝ፣ እዛው አካባቢ የተወለደ ማሳይ ነው። ስለ በርጩማው ስፅፍላቸው ደግሞ ከፍታው ስንት ይሁን ብለው መለሱልኝ 😂 ሹፌር ያልከው ልክ ነበር።

አንድ የቀረኝ፣ እማዬ ጀበናና ከሰል ይዤ ካልሄድኩ እያለች ነው። ደግሞ ቆሎና ድፎ ዳቦ።

ወልድያ_ናይሮቢ፦
ቆሎው ይሂድ ግን በፌስታል እንዳይሆን! ኬንያ ከ2017 ጀምሮ ፌስታል በሕግ የተከለከለ ነው ቅጣቱም ቀላል አይደለም፣ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ከ2020 ወዲህ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስም አይገባም። በጨርቅ ከረጢት ቋጥሩት። ወደ ማራ የሚሄደው ትንሹ አውሮፕላን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ነው የሚፈቅደው የእጁን ጨምሮ፣ ያውም የሚታጠፍ ለስላሳ ቦርሳ እንጂ ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ አይገባለትም፣ ትልቁን ሻንጣ ናይሮቢ ሆቴል አስቀምጡት። የሚነሳውም ከዊልሰን ነው እንጂ እናንተ ከምታርፉበት ትልቁ ኤርፖርት አይደለም፣ በመሃል ያለውን የናይሮቢ ትራፊክ አስቡት፣ በአንድ ቀን አታያይዙት። ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ አታብዙ፣ የገንዲ ዝንብ ይጠራል። ጠዋት ይበርዳል፣ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ።

ከሰሉን ግን ተዉት፣ ድንኳን ውስጥ ከሰል ብታቀጣጥል ዘበኛው ነው የሚሞተው በድንጋጤ። ጀበናና የተቆላ ቡና ትያዝ፣ ከካምፑ ኩሽና ፍም ያወጡላታል፣ እሳት ዳር ማታ ማታ እንግዳው ሁሉ ይሰበሰባል እዛ ታፍላላቸው። ባንክ ዶላር ለማውጣት ፓስፖርትና ትኬት ስለሚጠይቃችሁ ትኬቱን ቀድማችሁ ቁረጡ።

ነርሷ፦
ቢጫ ወባው ተወስዷል?

የጦሳ_ልጅ፦
ማክሰኞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለን ሁለቱንም ይዤ። አባዬ ክትባቱን ሲሰማ "አንበሳውም ካርድ አለው ወይ" ብሎ ጠየቀ።